ከወንዝ የወጣው አክስል

ይህን ታሪክ ፈጠራ ነው የሚል ሰው ቢኖር አልጣላውም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል... እናቴን ያጣሁበት ስለሆነ አልቀልድበትም።

ነሐሴ 1979 ዓ.ም.፣ አሶሳ፣ እኛው ግቢ ውስጥ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች። ክፉ ነገር ጨለማ ጠብቆ ይመጣል ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል።

አባቴ ዲሳሳ መካኒክ ነበር። የሰፈራው ጽሕፈት ቤት ጂፕ የፊት አክስሉ፣ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዘንግ፣ መጋጠሚያው ላይ ተሰብሮ፣ ግቢያችን ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሟል።

እናቴ ጸሐይነሽ ደግሞ መንደር አሥራ ሁለት ሰፋሪዎችን ፊደል ታስተምር ነበር። እዚያው መንደሩ ውስጥ ወባ ከያዛት አራተኛ ቀኗ ነው። በዚያ ክረምት ያንን ጭቃ የሚወጣ ሌላ መኪና አልነበረም። ጂፑ ከተነሳ ሆስፒታል ትደርሳለች፤ ካልተነሳ አትደርስም።

መለዋወጫ የለም። ለበላይ አካል ተጽፎ "በትዕግሥት ጠብቁ" የሚል መልስ መጥቷል። ወባ ደብዳቤ የምታነብ ይመስል...

ያን ቀን ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ሾፌር ሻዕባን፣ የአገሬው ተወላጅ፣ አንድ አክስል በጆንያ ጠቅልሎ መጣ።

"ከየት አመጣኸው?" አለው አባቴ።

"ኩርሙክ መንገድ... ወንዝ ውስጥ የወደቀ ጂፕ አለ። አትጠይቅ። ግጠም።"

አባቴ አልጠየቀም።

አክስሉን በጨርቅ ጠረገው። መፍቻ አንስቶ ሲመለስ ረጥቧል።

ደግሞ ጠረገው። ፀሐይ ላይ አኖረው።

ደግሞ ረጠበ... ዘይት አይደለም። ጭቃ ጭቃ የሚሸት የወንዝ ውሃ ነው።

ከመጋጠሚያው ውስጥ አሮጌውን ግራሶ በጣቱ ሲያወጣ ፀጉር አብሮ ወጣ። የተጎነጎነ የሴት ፀጉር፣ ጫፉ በጥቁር ክር የታሰረ። ፀጉር ወደዚያ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

"ሻዕባን..." አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እዚያ ጂፕ ውስጥ ሰው ነበረ?"

"ሴትዮ ነበረ። ሰፋሪ። ታሞ ወደ ሆስፒታል እየመጣ... ጎርፍ ወሰደው።"

"ሾፌሩስ?"

ሻዕባን እጆቹን አየ። "ሾፌር ወጣ። ዋና ያውቃል።"

አባቴ ሾፌሩ ማን እንደነበር ገባው።

"ሰደቃ አልወጣም" አለ ሻዕባን። "እኛ ዘንድ መኪና ሰው ከገደለ፣ ፍየል ሳይታረድ፣ ሰደቃ ሳይወጣ ብሎኑ አይነካም። የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ኋላቀር ነው አለ፣ ከለከለ። ፍየል ላምጣ... አንድ ሰዓት ብቻ።"

አባቴ የወለጋ ፕሮቴስታንት ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይዋጥለትም።

"ሚስቴ እየሞተች ፍየል ልጠብቅ? ብረት ብረት ነው።"

ገጠመው።

ስምንት ሰዓት ላይ ለሙከራ ተዘጋጁ። የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ተነስተዋል። ማርሽ ገብቷል፣ ሞተሩ ጠፍቷል። እንዲህ ሆኖ ግራውን ጎማ በእጅ ብታዞሩት ቀኙ ወደ ኋላ ይዞራል። ሁለቱ አብረው ወደ ፊት የሚሄዱት መኪናው ሲነዳ ብቻ ነው።

አባቴ ከሥር ገብቶ ተጋደመ። "አዙር።"

ሻዕባን ግራውን አዞረ፤ ቀኙ ወደ ኋላ ዞረ። ደህና ነው።

"ይበቃል።"

ጎማዎቹ አልቆሙም... አሁን ሁለቱም ወደ ፊት ነው የሚዞሩት።

"ይበቃል አልኩህ።"

"እኔ አልነካሁም..."

ድምፁ የመጣው ከአጥሩ በር ነው። ሻዕባን ሸሽቶ እዚያ ደርሷል።

ጎማዎቹ ዳገት እንደያዙ ቀስ አሉ፣ ደግሞ ፈጠኑ። ከዚያ ቀጥ አሉ።

የኋላው በር ተከፈተ... ተዘጋ። ጂፑ ሰው እንደገባበት ዝቅ አለ። ጎማዎቹ እንደገና መዞር ጀመሩ።

ሲቆሙ አባቴ ወጥቶ ፊቱን ታጠበ። ሚስቱ እየጠበቀችው ነው። ክሪኩን አውርደው ነዱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መንደር አሥራ ሁለት ደረሱ። የእናቴ ጎረቤት መነን፣ የወሎ ሰፋሪ፣ ከጎጆዋ ወጣች።

"ምነው ተመለሳችሁ? ምን ረሳችሁ?"

"ጸሐይነሽን ልወስዳት ነው" አለ አባቴ።

"ኧረ ወንድሜ፣ በስምንት ሰዓት ወስዳችኋት የለ? እኔው ነኝ ደግፌ ያስገባኋት። ከኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ እጇን ይዛ ሳበችልኝ።"

"ማን... ማን ነበር የሚነዳው?"

መነን ወደ ሻዕባን በአገጯ ጠቆመች። "እሱ ነዋ።"

ሻዕባን ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

የእናቴ ፋይል ላይ "ወደ ሱዳን ከድታለች" ብለው ጻፉ። በአንድ መስመር ዘጓት። እኔም የከዳተኛዋ ልጅ ተብዬ አደግኩ። አባቴ ኃላፊውንም ሻዕባንንም ይቅር አለ፤ ያቺን የፍየሉን አንድ ሰዓት የነፈገውን ራሱን ግን እስኪሞት ይቅር አላለም።

ያን ዕለት እናቴን የወሰደውን መኪና የጎማ ዱካ በእግሩ ተከትሎ ነበር። ዱካው ወደ አሶሳ መንገድ አልወጣም። ከጎጆዋ በር ተነስቶ ማሽላው ውስጥ ገባ። ሃምሳ እርምጃ ያህል አገዳውን ጨፍልቆ ሄደ... ከዚያ አለቀ።

መኪና የለም። መመለሻ ዱካ የለም። ከፊት ያለው ማሽላ አንድ አገዳ ሳይጎነበስ ቆሟል።

ከመሃሉ ግን አባቴ የሁለት ሴቶች ወሬ ይሰማ ነበር... ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። አንዷ እናቴ ነበረች።