ግንባሩ ላይ ፊደል ያለበት ትል

«ተምች ከሆነ በዓሉን ሽሬ ራሴ ዶማ እይዛለሁ፤ ተራ ትል ከሆነ ግን በሰኔ ሚካኤል ትል ማገጃ ቦይ አይቆፈርም!» አሉ መሪጌታ ተክለ ማርያም። ከገደሉ በታች ትል ፈላ የሚለው ወሬ የደረሰው ገና ከቅዳሴ ሲወጡ ነው።

«ትሉ እንደሆነ ሚካኤልን አያከብርም፣ መሪጌታ። ወርጄ አየዋለሁ» አለች አሰለፈች። ነጠላዋን አሸርጣ ከሲማዳ ደጋ ወደ በሽሎ ገደል ተንደረደረች። አብሯት የወረደ የለም። ወንድሟ ጥላዬ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ምላሷን ችሎ አብሯት የሚሄድ ጠፍቷል። የገብስ ማሳቸው ደግሞ አፋፉ ላይ ነው፤ ትሉ ሽቅብ ከወጣ መጀመሪያ የሚግጠው የእሷን ቡቃያ ነው።

የልማት ሠራተኛው በስብሰባ ላይ፣ ተምች ግንባሩ ላይ የ«ሰ» ቅርጽ አለው ብሎ ነበር። ፊደልን ጥላዬ ጥሎት በሄደው የመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ ብቻዋን ታግላ ለይታለች።

እመንገድ ላይ በረዶ ወረደባት። እየዳኸች ቋጥኝ ስር ገባች። እዚያ የተጠለለ አውራ ዝንጀሮ ጥርሱን አገጠጠባት።

«አንተም ብቻህን ነህ?» አለችው ድንጋይ ጨብጣ። ዝንጀሮው አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ በረዶውን መርጦ ወጣ።

ከታች ሣሩ ይንቀሳቀሳል። ጥቁር ትል በትል ላይ እየተግተለተለ ሽቅብ ይጎርፋል፤ ሲግጥ ድምፁ ይሰማል። በሰንበሌጥ ላይ ሽቅብ የሚወጣ አንዱን አተኩራ አየችው። ግንባሩ ላይ ጭረት አለ፤ ግን እንደ ባላ ወደ ላይ የተከፈለ ነው።

«ሰ አይደለህም!» ብላ በክብሪት ቀፎ ከተተችውና እየሳቀች ሽቅብ ወጣች።

«ቁሚ!» ጠመንጃ ያነገተ ሰው፤ የመንግሥት ይሁን የጫካ አልለየችም። «የማን ሰላይ ነሽ?»

«የትል።»

ቀፎውን ነጥቆ ከፈተው። ትሉ መዳፉ ላይ ሲወጣ ደንግጦ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ትሉም ራሱን ዘቅዝቆ በክንዱ ቁልቁል ወረደ። አሰለፈች ሳቋ ከአፏ ላይ ደረቀ። ባላው ተገልብጧል፤ ሁለት እግር ወደ ታች፣ አንድ አንገት ወደ ላይ። ሰ!

«ገልብጬ ነው ያነበብኩት!»

«ምኑን?»

ትሉን ከክንዱ ላይ ለቅማ፣ ቀፎዋን ነጥቃ ሮጠች። «ሂጂ፣ ከነትልሽ ጥፊ!» ሲል ከኋላዋ ተሰማት።

ደጀ ሰላሙ ጋ ደረሰች። «መሪጌታ፣ ተምች ነው። ተሳስቼ ተራ ትል ነው ልል ነበር» አለች። ከዚያ ቀን በፊት ተሳሳትኩ ስትል የሰማት አልነበረም።

«ትልም ፊደል ቆጠረ!» አለ ላቀው፣ ጎረቤቷ፤ ሰው ሳቀ። እሷ ግን ቀፎውን በመሪጌታ እጅ አስቀምጣ፣ ዶማዋን ከቤቷ አንስታ ወደ አፋፉ ወረደች።

ብቻዋን ቆፈረች። እርጥቡ አፈር ዶማው ላይ እየተለጠፈ ክንዷ ዛለ። ከገደሉ ስር ያ የመጋጥ ድምፅ ቀርቧል። ቀና ብላ ወደ መንደሩ ማየት ፈራች፤ ማንም ከሌለ መቆፈሯን እንዳታቆም።

ከኋላዋ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሳት ናት» አሉ መሪጌታ፣ የ«ሰ»ን የግዕዝ ስም ጠርተው። «ሚካኤል ይቅር ይበለን። ፈቀቅ በይ፣ ልጄ።»

ሁለተኛው ዶማ አፈሩን መታ።