ከደጋኑ ቆዳ ሥር

ማሲንቆ ያነገተው ሰው በአዳራሹ በር ብቅ ሲል፣ አምለሰት የጫማዋን ክር ለማሰር ጎንበስ አለች። ክሩ ታስሮ ነበር። ፈታችውና እንደገና አሰረችው።

«ኧረ አዝማሪ አምጥተውልናል!» አለች ህይወት በክርኗ እየጎሰመቻት። «ኮቱን አየሽልኝ? ክርኑ ላይ የተለጠፈው ጨርቅ ሌላ ቀለም!»

ጨርቁን የሰፋችው አምለሰት ናት፤ ባለፈው ክረምት፣ ከራሷ አሮጌ ዩኒፎርም ቆርጣ። ቀና አለችና ሳቀች። ሳቋ ከህይወት ሳቅ እንዳያንስ ተጠነቀቀች።

ሰውዬው አባቷ ነበር፤ ስሙ ቢሆነኝ። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር መሬቱን ያርሳል፤ ሰርግና ክርስትና ሲኖር ደግሞ ማሲንቆውን አንግቶ ይሄዳል። አምለሰት ለትምህርት ፍኖተ ሰላም መጥታ፣ ከደንበጫ ከመጣችው ከህይወት ጋር አንድ ክፍል ሲከራዩ፣ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ተብላ ተጠይቃለች። «ገበሬ ነው» አለች። አልዋሸችም። ግማሹን ብቻ ነው የተወችው። ከዚያ ወዲህ ያ ግማሽ አድጎ አድጎ፣ ዓመቱን ሙሉ አባቷ ሊጠይቃት ሲመጣ መናኸሪያ ድረስ ሄዳ ታገኘዋለች እንጂ ወደ ክፍላቸው አምጥታው አታውቅም።

ዛሬ ግን የጋበዘው ትምህርት ቤቱ ነው። ቢሆነኝ ተማሪዎቹን በዓይኑ ሲያስስ አገኛት። ፊቱ ሊፈካ አለና፣ ዳግም ወደ ጫማዋ ጎንበስ ማለቷን አየ። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። በታዘዘው ወንበር ላይ ተቀመጠና ከኮቱ ኪስ ሰንጢ አውጥቶ፣ ከማሲንቆው ደጋን ላይ የተበጠሱትን የፈረስ ጭራዎች አንድ በአንድ ይቆርጥ ጀመር።

ዕለቱ የቅርስ ቀን ነበር። ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ከቤተሰብ የወረሱትን አሮጌ ዕቃ ያቀርባሉ፤ አንደኛ የወጡት ባሕር ዳር ለሚደረገው ኤግዚቢሽን ያልፋሉ።

«እኛ ቤት ያለው አሮጌ ነገር ሶፋው ብቻ ነው» ብላ ነበር ህይወት ከሦስት ሳምንት በፊት። ያን ጊዜ ነው አምለሰት፣ አዲስ እንጨት አሮጌ የሚመስልበትን መላ ስታስብ፣ የመንደራቸውን የከብት ጋጣ ያስታወሰችው። የጋጣው የግራር ምሰሶ የከብቶቹ ሽንት ከሚደርስበት በላይ እንኳ ጠቁሯል፤ አብሮት የተተከለው ባሕር ዛፍ ግን እንደነጣ ነው። ሽንት ሳይነካው ምን አጠቆረው? የኬሚስትሪ መምህሯን ጠየቀች። የቆየ ሽንት አሞኒያ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ቆዳ ፋቂዎች ቆዳ የሚያለፉበት ንጥረ ነገር ደግሞ በግራር እንጨት ውስጥም አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ እንጨቱ ይጠቁራል አሏት።

አባቷን አንድ የግራር ደጋን ለመነችው። «ለትምህርት ነው» አለችው። ቢሆነኝ ለራሱ ጠርቦ ገና ጭራ ያላሰረበትን አዲሱን ደጋን ሰጣት። «ትምህርት እንጨትንም ይለውጣል እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ሥራዋ ንጹሕ ነበር። ክዳን ባለው የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ሳምንት የቆየ የአከራያቸውን ላም ሽንት በሳህን አስቀመጠች፤ አንድ እፍኝ አመድ ጨመረችበት። ደጋኑን ፈሳሹ እንዳይነካው በመያዣው በኩል በፕላስተር ጠቅልላ ከክዳኑ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያው እንጨት የተፈለጡ አምስት ስንጥሮች አብራ ሰቀለች። በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ፊቷን አዙራ፣ ዓይኗ እያነባ፣ አንድ ስንጥር እያወጣች ደብተሯ ላይ ለጠፈች። የመጀመሪያው የገለባ ቀለም ነበረው። ሦስተኛው ሻይ መሰለ። አምስተኛው የአባቷን የድሮ ቀንበር።

ደጋኑን አውጥታ ጠረኑ እስኪለቅ ሦስት ቀን ንፋስ ላይ ሰቀለችው። ፕላስተሩን ስትልጥ፣ ከሥሩ አንድ ጣት የሚሰፋ ነጭ ቀለበት ወጣ፤ ዛሬ የተጠረበ ይመስላል። «ስህተት፦ ፕላስተሩ ጋዙን አግዷል» ብላ ጻፈች።

«ቆዳ እናልብሰዋ! ማን ያየዋል?» አለች ህይወት። «የአያቴ አባት ነበር እንላለን።»

«ሙከራ ነው ብለን ብናቀርበውስ? ስንጥሮቹም አሉ።»

«ለሙከራ ማን ባሕር ዳር ይወስድሻል? በናትሽ ፋራ አትሁኚ!»

ቆዳውን የሰፋችው፣ ጭራውንም ያሰረችው አምለሰት ናት። ስፌቷ ደቃቅ ነበር።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዕቃ ብቻ ቀርቷል፤ የእነሱ ደጋንና አንዷለም ከገጠር በጀርባው ተሸክሞ ያመጣው ገበቴ። ገበቴው የቅድመ አያቱ ነው፤ ስንጥቁ በሽቦ ተሰፍቷል። ግን እናቱ «ሰው ፊት ሊቀርብ አይደል?» ብላ ሌሊቱን በአመድ ፈግፍጋ አንጥታዋለች። ከደጋኑ አጠገብ ሲታይ ትናንት ከገበያ የተገዛ ይመስላል።

«እንግዳችን እንጨት ያውቃሉ፤ እሳቸው ይፍረዱልን» አለ የታሪክ መምህሩ ናሁሰናይ።

«ተቀበል!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

አምለሰት አልሳቀችም። አባቷ አንድ ጊዜ ቡሬ ገበያ ላይ፣ የተሰነጠቀ ማሲንቆ ለሚሸጥ ወዳጁ ምስክር ሁን ተብሎ፣ ገዢው ፊት «ተሰንጥቋል» ማለቱን ታውቃለች። ወዳጁ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሳው። «ግጥሜ ቢዋሽ ሙያዬ ነው፤ እንጨት ግን አያስዋሸኝም» ይል ነበር።

ቢሆነኝ ደጋኑን አነሳ። አውራ ጣቱ በእንጨቱ ላይ ሲሄድ ሄደና ጫፉ አጠገብ ካለችው አንጓ ላይ ቆመ፤ ሲጠርብ እንዳትሰበርበት ዞሮ ያለፋት አንጓ ናት። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። የመያዣውን ቆዳ፣ ደቃቁን ስፌት ዳበሰ። ከዚያ የራሱን ክርን ተመለከተ።

«ይህን ያመጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ የአያቴ አባት ነበር» አለች ህይወት። «ከአምለሰት ጋር ነው ያቀረብነው።»

«ከአምለሰት ጋር» አለ ቢሆነኝ ቀስ ብሎ፣ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማ ሰው።

ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። ቁጣ ብትፈልግበት አጣች።

«አሮጌ ነው» አለ። ድምፁ በሰርግ ቤት የምታውቀው ድምፅ አልነበረም። «የድሮ ሰው እጅ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። «እስቲ በእሱው ይምቱልን!» አለ መምህሩ።

«አይ፣ ይህስ ለመታየት የተሠራ ነው» አለ ቢሆነኝ፤ ደጋኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እጁን በኮቱ ጠረገ።

ህይወት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አለፍን እኮ! ባሕር ዳር!» ከጠረጴዛው ማዶ አንዷለም ገበቴውን በጋቢው ይጠቀልል ነበር፤ ሽቦው ጋቢውን እንዳይቀደው በመዳፉ ይዞ።

አምለሰት ሁሉንም በቅደም ተከተል አሰበችው። ቆዳውን ብትፈታው ነጩ ይታያል። ነጩ ከታየ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ዋሾ የሚባለው አባቷ ነው። ለምን እንደዋሸ የሚያስረዳለት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱንም ዓመቱን ሙሉ ደብቃዋለች።

የህይወትን ክንድ ከአንገቷ አወረደች።

«የት ነው?» አለች ህይወት።

አምለሰት ወደ ፊት ሄደች። ደጋኑን አነሳች። ጥፍሯን ከስፌቱ ሥር ልትከት ሞከረች፤ እሷው ራሷ አጥብቃ ሰፍታዋለችና እሺ አላለም። ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ቢሆነኝ ምን ልታደርግ እንደሆነ ገብቶት ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ ተይው እንደማለት።

እጇን ዘረጋችለት።

«አባዬ» አለች፣ የኋላ ወንበር ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ሰንጢዎን ያውሱኝ።»