ወደ ሸለቆው የዞረው ክንድ

«ከሸለቆው ማዶ ያሉት አንድም የራሳቸው ክንድ የላቸውም» ትላለች ጎረቤታችን ዶኛ ቻቤላ። ቶርቲያዋን፣ የበቆሎ ቂጣዋን፣ እያገላበጠች ትላለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ትላለች፤ ሰው ሲቀበር እንኳ አጠገቧ ለቆመው ታንሾካሹካለች። «ጓሯቸው የቆመው ቁልቋል በሙሉ የሰው ነው። ሰው ሳይነቃ እየዞሩ ነው የቆረጡት።»

ክንድ የምንለው የቁልቋሉን ቅርንጫፍ ነው። በእኛ መንደር ፒታያ የሚባል ጣፋጭ ፍሬ የሚያፈራው ቁልቋል ከሰው ጋር አብሮ ይኖራል፤ ቤት ያለው ሁሉ ጓሮው ውስጥ አለው። አንድ ክንድ ይቆረጣል፣ ቁስሉ ላይ ኖራ ይነሰነሳል፣ ጥላ ውስጥ ይደርቅና ይተከላል። በጥቂት ዓመት ያው የእናቱን ፍሬ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ክንድ የሰረቀ ሰው ቅርንጫፍ ሰረቀ አይባልም፤ ዛፉን እንዳለ ነው የወሰደው።

እኔ ከዘር ነው የማበቅለው። ማንም አላስተማረኝም፤ ያስተማሩኝ የሞቱብኝ ችግኞች ናቸው። ፍሬ በልቼ ዘሩን ከምላሴ ላይ እለቅማለሁ፣ በተሰነጠቀ ድስት ውስጥ አሸዋ ላይ እዘራለሁ፣ በላስቲክ እሸፍናለሁ። ቡቃያው ሲወጣ ከጎመን ዘር አይበልጥም፤ በዓመቱ እንኳ አውራ ጣት አያክልም። አባቴ ዶን ሲሪሎ እያዩ ይስቁ ነበር።

«ኦቲሊያ፣ ቁልቋል የሚዘራ ሰው የሚዘራው ለጎረቤት የልጅ ልጅ ነው።»

«የጎረቤት የልጅ ልጅ ከእርስዎ የተሻለ ምስጋና ያውቅ ይሆናል» እላቸዋለሁ።

ከዘራኋቸው ብዙዎቹ በሰበሱ፣ የቀሩትን ዶሮ ጫረቻቸው። አንዱ ግን በሰባተኛ ዓመቱ አበበ። እሾሁ አጭርና የተራራቀ፣ ቆዳው ሰማያዊ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል፣ የፍሬው ውስጥ እንደ ደም የቀላ። እንደ እሱ ያለ በአገሩ አልነበረም። ከዘር የበቀለ ቁልቋል እንደ ሰው ልጅ ነው፤ ወንድሙን እንኳ አይመስልም።

በራችን አጠገብ አባቴ «የእናትሽ» የሚሉት ሽማግሌ ቁልቋል አለ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ቁልቋሉ ግን እንደቆመ ነው። ግንዱ ላይ በፀሐይ የተለበለበ ሰፊ ቡናማ ጠባሳ አለው። ክንድ ሲቆረጥ የቀትር ፀሐይ በለመደው ጎኑ ላይ በኖራ መስቀል ይደረግበታል፤ ሲተከልም መስቀሉ ወደ ፀሐይ ይዞራል፤ አለዚያ ለጋው ጎን ይለበለባል። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።

«አባዬ፣ ይሄን ሲተክሉ ሜዝካል አረቄ ጠጥተው ነበር እንዴ?»

«እኔ አልተከልኩትም» ይሉኛል። ፈገግ ይሉና ጠባሳውን ይዳስሳሉ።

ኤሊሴዮን ያገኘሁት በፒታያ ወቅት፣ ገበያ ላይ ነው። የእኔን ፍሬ ከአባቴ ፍሬ ለይቼ በትንሽ ቅርጫት ይዤ ነበር። አንድ ረጅም ልጅ መጣና ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳ።

«ከማን ክንድ ነው?»

«ከማንም። የዘር ነው።»

አጠገቤ የነበሩት ሻጮች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ፍሬውን አገላብጦ አየና ቀስ ብሎ «ስንት ዓመት ጠበቅሽው?» አለኝ። ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ደግሞ አፌ ይብሳል።

«የየት ነህ አንተ?»

«የማዶ።»

«እንግዲያው እጅህን ከቅርጫቴ አንሳ።»

ሳቀና ከፈለ። እዚያው ቆሞ በላ፤ ዘሩን እየተፋ በመሐረብ ጠቀለለው።

«ዘሩን ምን ልታደርገው ነው?»

«ገዝቼዋለሁ እኮ። ፍሬውን ብቻ ነው የሸጥሽልኝ?»

እሱም ከዘር እንደሚያበቅል፣ ችግኞቹን በእናቱ ምድጃ አጠገብ በአሮጌ የቲማቲም ሣጥን እንደሚያሳድግ ነገረኝ። አላመንኩትም። ወንድ እሾህ የሚያመሰግነው ከእሾሁ ኋላ ያለውን ሲፈልግ ነው። ግን ማታ ቤት ስገባ ቅርጫቱን ሳላራግፍ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ሸለቆውን መሻገር አበዛ። አንድ ጊዜ የጠፋች ፍየል ይፈልጋል፤ ፍየል እንደሌላቸው አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አሸዋ ይዞልኝ ይመጣል፤ ከወንዙ ያጠበው፣ እንደ ስኳር የነጣ። እናቱ ዶኛ ሊብራዳ ከሌላ አገር ተድረው የመጡ መበለት ናቸው። ባላቸው ሲሞት ጓሯቸው ባዶ ስለነበር ቤት ለቤት ክንድ ለምነው ነው ያለሙት። እሱ «ለምነው» ይላል። ዶኛ ቻቤላ የምትለውን ታውቃላችሁ።

በተከታዩ ዓመት፣ ቁልቋሎቹ ሲያብቡ፣ ፍሬው ቢጫ የሆነውን የእሱን ቁልቋል ከእኔ ቀይ ጋር ለማዳቀል ተስማማን። አበባው የሚፈነዳው በሌሊት ነው፤ እስኪረፍድ ግን አይከደንም። የሌሊት ወፍ እንዳይቀድመኝ እምቡጡን በጨርቅ አስሬ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ ኤሊሴዮ መጣ። የቢጫውን የአበባ ብናኝ በክብሪት ቀፎ ውስጥ፣ ቀፎውን ደግሞ በሸሚዙ ኪስ ይዞ ነበር።

መሰላሉን ያዘልኝ። እኔ ላይ ሆኜ ጨርቁን ፈታሁ፤ በቱርክ ዶሮ ላባ ብናኙን ቀባሁት። ላባው እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ወደ ታች ሳይ ኤሊሴዮ የሚያየው አበባውን አልነበረም።

«መሰላሉን እይ» አልኩት።

«መሰላሉ የትም አይሄድም።»

ምልክት እንዲሆን ቀይ ክር አሰርኩበትና ወረድኩ። ንብ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«ልጁ የማን ሊሆን ነው?» አለኝ።

«የቁልቋሉ ልጅ?»

«ሌላ ልጅ አለን እንዴ?»

ፊቴ ጋለ። «እናቱ በቆመችበት ጓሮ ይቆጠራል።»

«አባቱስ?»

«አባቱ ማዶ ቆሞ ይጠብቅ።»

«እስከ መቼ?»

ባዶውን የክብሪት ቀፎ ኪሴ ከተትኩት። አልመለስኩለትም፤ እስካሁን አለኝ።

ፍሬው መያዝ ሲጀምር ጥያቄ አበዛ። ዛፍሽ ስንት ክንድ አለው? አባትሽ ቤት የሚውሉት መቼ መቼ ነው? እሑድ ይኖራሉ? ዶኛ ቻቤላ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ ትሰማለች፤ እሱ ሲሄድ ወደ እኔ ዞራ «አላልኩሽም?» ትላለች። አንድ ቀን ራሴ ጠየቅኩት።

«የአባቴ ቀን ምን ያደርግልሃል? ቤት ባዶ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ልትቆጥር ነው?»

እየሳቅኩ ነበር ያልኩት። እሱ ግን እስከ ጆሮው ቀላ። የቀላ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ያፈረና የተያዘ። የትኛው እንደሆነ ማየት አልቻልኩም፤ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎት ነበርና።

በሳምንቱ ጠዋት ወደ ጓሮ ስወጣ የዛፌ አንድ ክንድ የለም።

ቁርጡ ንጹሕ ነበር፤ በአንድ ምት። ቁስሉ ላይ ኖራ በሥርዓት ተነስንሷል። ሙያ የሚያውቅ ሌባ ነው አልኩ፤ ዛፉ እንዲሞት አይፈልግም፤ ለነገም አስቦለታል። አባቴን ጠራኋቸው።

«አንድ ክንድ ስለጎደለው አይሞትም» አሉ። «ዝም በይ። ማንንም አትጠይቂ።» እያፏጩ ወደ እንጨት ፈለጣቸው ሄዱ። ከዘር ያሳደግኩት መሆኑ ዛሬም አልገባቸውም ብዬ ተቃጠልኩ።

ኤሊሴዮ ሲመጣ ምንም ሳልነግረው ዓይኑን ጠበቅኩ። ወዲያው አየው።

«ማን ቆረጠው?»

«አንተ ንገረኝ።»

ቁስሉን አይቶ እኔን አየ፣ እንደገና ቁስሉን። «ኦቲሊያ፣ እኔን ነው የምትጠይቂኝ?»

«አጠገቤ ሌላ ሰው አይታየኝም።»

ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ፤ ሁለት ሳምንትም አልመጣም። ክንድ ጥላ ውስጥ ደርቆ ለመተከል የሚፈጅበት ጊዜ መሆኑን ልቤ አልዘነጋውም።

በመጨረሻ እኔው ሸለቆውን ተሻገርኩ። ለአባቴ አልተናገርኩም፤ ብናገር ቆንጨራቸውን ይዘው ይከተሉኛል ብዬ ፈራሁ። ገና በሩ ላይ ስደርስ አየሁት። በአዲስ አፈር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አጭር እሾህ፣ ሰማያዊ አመድ። የኖራው መስቀል ወደ ፀሐይ አልዞረም፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሸለቆው ዞሯል።

ኤሊሴዮ ወጣ። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ የማየውን ሲያይ ብርሃኑ ጠፋ።

«ከየት እንደመጣ አላውቅም» አለ። «ትናንት ከገበያ ስንመለስ ቆሞ አገኘነው። ልመጣልሽ ነበር።»

«በእግሩ ተሻግሮ መጣ?»

«አላውቅም እኮ ነው የምልሽ።»

እናቱ እጃቸውን በሽርጣቸው እያደረቁ ብቅ አሉ። ኤሊሴዮ ዞሮ አያቸው። ጥርጣሬዬን የቆረጠልኝ ያ አስተያየት ነው። የሆነ ነገር የሚጠይቃቸው፣ መልሱንም የፈራ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ከናፍሩን ገጠመ። ተማክረዋል አልኩ በልቤ።

«አፍህን ክፈት እንጂ» አልኩት። «ምን ትሸፍናለህ?»

«የምሸፍነው የለኝም።» ድምፁ ግን ሌላ ነበር።

«ሌባ መሆን አንድ ነገር ነው» አልኩ። «መስቀሉ ወዴት እንደሚዞር የማያውቅ ሌባ ግን ለሌቦችም ያሳፍራል።»

ከእንጨት ክምሩ ላይ ቆንጨራ አነሳሁና ክንዱን ከመሬቱ አጠገብ መታሁት። ሲወድቅ ደግሞ ቆራረጥኩት፤ ማንም መልሶ እንዳይተክለው በቀጭኑ። ጭማቂው እጄ ላይ ተንጠባጠበ። ዶኛ ሊብራዳ በዝግታ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ምን በደለሽ?» አሉ። ኤሊሴዮ ቆንጨራውን ከእጄ ተቀብሎ በሸሚዙ ጠረገውና ወደ ቦታው መለሰው።

በዚያው ሰሞን አባቴ አንድ ቀን ከሸለቆው መንገድ ተመለሱና የእናቴ ቁልቋል ሥር ብዙ ተቀመጡ። እራት አልበሉም። «ከእንግዲህ ወደ ማዶ አትሂጂ» አሉኝ። የዶኛ ቻቤላ ወሬ ደረሳቸው ብዬ «እሺ» አልኩ።

ኤሊሴዮ ዝናቡ ሳይገባ እናቱን ይዞ ወደ ሰሜን፣ የቀን ሥራ ወደሚገኝባቸው የቲማቲም እርሻዎች ሄደ። ሸሸ አለች ዶኛ ቻቤላ። ቆይቶ እዚያው ማግባቱን ሰማን፤ ከዚያም አንድ ሴት ልጅ፣ ከዚያም ወንድ። ሲነግሩኝ ችግኝ እያዛወርኩ ነበር፤ ሥራዬን አላቋረጥኩም። እኔንም የጠየቁኝ አልጠፉም። አንዱ ቁልቋሎቹ እንዲቆረጡለትና ጋራዥ እንዲሠራበት ፈለገ፤ ጋራዡን ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ነገርኩት።

ቀይ ክር ያሰርኩበት ፍሬ በስሎ ነበር። አልሸጥኩትም። ዘሩን በሙሉ ዘራሁት።

ከዚያ የበቀሉት፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ዘንድሮ አበቡ። ሁሉም አንድ አይደሉም። አንዷ ግን ቆዳዋ እንደ እናቷ ሰማያዊ፣ ፍሬዋ ሲከፈት ፍም የመሰለ፤ ቀይም አይደለ፣ ቢጫም አይደለ። የመጀመሪያውን ለሁለት ሰንጥቄ ግማሹን ለአባቴ ሰጠኋቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ የእናቴ ቁልቋል ሥር ወንበር አውጥተው ነው የሚውሉት። ቀስ ብለው በሉ፣ ዘሩን መዳፋቸው ላይ ተፉ።

«የዚህ አባቱ የማዶው ቢጫ ነው አይደል?»

«ማን ነገረዎት?»

«ዓይኔ ያኔ ደኅና ነበር።» መዳፋቸው ላይ ያለውን ዘር በጣታቸው ነካኩ። «ደግ ልጅ ይመስለኝ ነበር። ካልፈለጉሽ ምን ይደረጋል።»

«ማን ነው ያልፈለገኝ?»

«እነሱ ናቸዋ። ክንዱን ቆራርጠው ጣሉት።»

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። አባቴ ወደ ሸለቆው ፊታቸውን እንዳዞሩ ቀጠሉ።

«በእኛ ጊዜ የሴቲቱ አባት ልጁን ከወደደው አፍ አውጥቶ አይናገርም። ቤት ሰው በሌለበት ሄዶ ከጓሮው የተሻለውን ክንድ እበራቸው ላይ ይተክላል። መጥታችሁ ጠይቁ፣ አልከለክልም ማለት ነው። ያልፈለገ ይቆርጠዋል። ልጁ እሑድ እሑድ መኖሬን እየጠየቀ መሆኑን ሰምቼ ነበር፤ ለጋብቻ ሊጠይቅሽ እንዳሰበ ገባኝ፤ እንዳይፈራ ብዬ ቀደምኩት። ገበያ ውለው ሳይመለሱ ተከልኩት። ኋላ ባልፍ ተቆራርጦ አየሁ። እንዳታፍሪ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።»

«ለምን ከእኔ ዛፍ ቆረጡ?» አልኩ። ሌላ የምጠይቀው ነገር አልመጣልኝም።

«ከእኔዎቹ የትኛው ያክለዋል?»

ዶኛ ቻቤላ ከአጥሩ ማዶ ቶርቲያዋን በመዳፎቿ መካከል እያጨበጨበች ነበር።

«መስቀሉን ወደ በራችን ነው ያዞርኩት» አሉ አባቴ። «ከማን ቤት እንደመጣ በዚያ ነው የሚታወቀው። ትንሽ ይለበለባል እንጂ አይሞትም።» እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው የእናቴን ቁልቋል ጠባሳ ዳሰሱ። «አያትሽም፣ የእናትሽ አባት፣ ይሄን እንዲሁ ነው ወደ ቤቱ አዙሮ የተከለልኝ።»