የማይረገጥ ሣር

ሰገነት በምትባለው የጨረቃ ከተማ ልጆች አረንጓዴ የሚያዩት በተራ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ተሰልፈው ወደ ምዕራብ መስክ ይመጣሉ። መስኩ ከመማሪያ ክፍላቸው እምብዛም የማይሰፋ፣ በመስታወት የተከለለ ሣር ነው። ጠባቂዋ እልፍነሽ እጃቸውን ወደ ኋላ አስይዛ ነው ወደ መስታወቱ የምታስጠጋቸው።

"እማማ እልፍነሽ፣ ጎመንም እንዲህ ነበር?" አለች ሶልያና፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ።

"ጎመን ጠቆር ይላል። ቃሪያውም፣ እንቁራሪቷም፣ በክረምት ጋራው ሁሉ አረንጓዴ ነበር። አፍንጫሽን አንሺ፤ መስታወቱን አጨቀየሽው።"

"የምሥራቁ መስክ ግን ይበልጥ አረንጓዴ ነው አሉ።"

"ማነው ያለው?"

"ሁሉም ሰው።"

እልፍነሽ የተጨቀየውን መስታወት ወለወለች። ልምላሜ ለኪውም ያንኑ ይነግራት ነበር። ይህ መሣሪያ ከሣሩ በላይ እየተንሳፈፈ ክሎሮፊልን፣ ማለትም ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር፣ በብርሃን ያነባል። ጠዋት ጠዋት ስታስነሳው "ገርጥቷል" ይላታል። ምሥራቅ መስክ ላይ ግን ያው መሣሪያ "ለምልሟል" እንደሚል ታውቃለች። የዚያ ጠባቂ ምንትዋብ ናት፤ ገና ወጣት፣ ሳቋ ከሁለት ኮሪደር ወዲያ የሚሰማ።

የከተማዋ ውሃ ከአዲስ ዓመት በኋላ የሚበቃው ለአንድ መስክ ብቻ ነበር። ይበልጥ የገረጣው ውሃ ይቋረጥበትና ይደርቃል። የምዕራቡን ሣር የዘራው የእልፍነሽ ባል ነው። እሱ ካለፈ ወዲህ የማንም እግር፣ የራሷም ጭምር፣ ነክቶት አያውቅም። አፈሩን ለወጠች፤ የሰው ሠራሹን ፀሐይ ብርሃን ጨመረች። ሣሩ ግን ረዝሞ ረዝሞ በራሱ ላይ ተኛና ከሥር ቢጫ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቱቦ ልዋስ በሚል ሰበብ ወደ ምሥራቅ መስክ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ልጆች ከሣሩ ላይ እየዘለሉ ወደ ጣሪያው ይወጣሉ፤ የጨረቃ ስበት ደካማ ስለሆነ እንደ ላባ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። አንዱ ይንከባለላል፣ አንዷ የሣር ጫፍ ነጭታ ታኝካለች። ምንትዋብ በባዶ እግሯ መሐላቸው ተዘርራለች።

እልፍነሽ ደነገጠች። ወዲያው ደግሞ ደስ አላት። በደስታዋ አፈረች፤ ቢሆንም በቀጥታ ወደ ውሃ ኃላፊው ወደ አቶ ግዛቸው ሄዳ ያየችውን ነገረችው።

"ሣር መርገጥ ክልክል መሆኑን አታውቂም?" አላት አቶ ግዛቸው ምንትዋብን አስጠርቶ።

"ሣር እኮ ነው! ታዲያ ምን ይረገጥ?"

የምሥራቁ መስክ በዚያው ሳምንት በመስታወት ተከለለ። ቁልፉም ለእልፍነሽ ተሰጠ፤ እስከ አዲስ ዓመት ሁለቱንም መስኮች እንድትጠብቅ። ምንትዋብ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች።

"እትዬ እልፍነሽ፣ ቀንተው ነው?"

"ለሣሩ አዝኜ ነው።"

"እንግዲያው ይኑርልዎት።"

አልኖረላትም። ወር ሳይሞላ ልምላሜ ለኪው ምሥራቅ መስክ ላይም "ገርጥቷል" አለ። እልፍነሽ መሣሪያው ተበላሽቶ መሰላትና የድሮውን ንባብ ከነምስሉ እንዲያሳያት አዘዘችው። ልጆቹ ይንከባለሉበት የነበረው ቦታ ከሁሉም ይበልጥ የጠቆረ አረንጓዴ ነበር። የተረገጠው አገዳ ሁሉ ከሥሩ ሌላ ቡቃያ አውጥቶ ኖሯል።

ወደ ራሷ መስክ ተመልሳ መሣሪያውን ጥግ ለጥግ አስኬደችው። ከመስታወቱ በታች ባለች አንዲት ጠባብ ክፍተት አጠገብ "ለምልሟል" አለ። ጎንበስ ብላ አየች። ሣሩ ላይ የትንሽ እግር ዱካ አለ፤ ሶልያና አፍንጫዋን የምትለጥፍበት ቦታ ነው። ሶልያና ተራዋ በደረሰ ቁጥር እግሯን አሾልካ ታስገባ እንደነበር ገባት።

እልፍነሽ እዚያው ተቀመጠች። ምድር ላይ ሣርን ከብት ሲግጠው፣ ሰው ሲረግጠው ነው የኖረው። ሰዎች ወደ ጨረቃ ሲያመጡት ውሃውን አስበዋል፣ አፈሩን አስበዋል፣ ፀሐይ ሠርተውለታል፤ ራሳቸውን ብቻ ረስተዋል። ዝም ብትል ውሃው የእሷ ነው፤ ሁለቱንም የምትጠብቀው እሷ ስለሆነች ከሁለቱ የገረጡ መስኮች ባሏ የዘራው ይተርፋል። ብትናገር የማንም ልጅ ይጨፍርበታል፤ ምንትዋብም ትመለሳለች።

ምንትዋብ ቤት ሄዳ ቁልፉን ዘረጋችላት።

"ልክ ነበርሽ። ቀንቼ ነው። ሣሩ ለካ የሚለመልመው ሲረገጥ ነው።"

ምንትዋብ ቁልፉን ተቀበለች። "ልጆቹን ማን ይጥራቸው?"

"እኔ እጠራቸዋለሁ። በእኔ መስክ ይጀምሩ።"

በማግስቱ እልፍነሽ ንባቡን ለአቶ ግዛቸው አሳይታ የምዕራቡን መስታወት አስነሣች። ሶልያና አንድ እግሯን አንጠልጥላ ቆመች።

"እማማ፣ አያመውም?"

"እኔ እንጃ። ግቢ።"

ልጆቹ እየተጯጯሁ ገቡ። እልፍነሽ ጠርዙ ላይ ቆማ አየቻቸው። ቅናቱ አሁንም አልለቀቃትም፤ በምንትዋብ ግን አልነበረም። ያስቀናት ሣሩ ነበር፦ ልጆቹ ሳይሳሱ የሚወድቁበት፣ ሲነሡለትም ቀስ ብሎ የሚነሣው ሣር።