ሽኝት የማያውቀው ቆጣሪ

ማርስ ላይ የአቧራው ወቅት ሲገባ ሰማይም መሬትም አይታይም። በረዶ አመላላሿ መኪና ያን ጊዜ መንገዷን የምታገኘው የጎማዋን ዙር እየቆጠረች ነው፤ ቀጥታ ሄዳ ቁጥሩ ሲሞላ ወደ ግራ ታጥፋ ድልድዩ ላይ ትወጣለች። ቀድማ ከታጠፈች ገደል ነው።

ዙሩን የሚቆጥረውን ዳሳሽ፣ ማለትም የጎማውን እንቅስቃሴ የሚያነበውን ትንሽ መሣሪያ፣ የመረጠችው የጣቢያው መሐንዲስ የውብዳር ናት። በብርሃን የሚያነበው ረቂቅ ቢሆንም አቧራ ያሳውረዋል። እሷ በማግኔት የሚሠራውን አስገጠመች፤ የጎማው የብረት ጥርስ ባለፈ ቁጥር አንድ ይላል፤ አቧራ ቢቀብረውም ግድ የለው። በምርጫዋ ትኮራ ነበር፤ ደግሞም ይገባታል።

አንድ ዕለት ሹፌሩ ጋሽ አሰግድ በወጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አውሎ ነፋስ ተነሣ። የውብዳር ስክሪኑን ስታይ መኪናዋ መታጠፊያው ጋ ልትደርስ ነው። እንዴት ፈጠነች?

ጧት የሆነው ትዝ ሲላት ክው አለች። ልትሸኛቸው አብራቸው ተሳፍራ እስከ ኮረብታው ሄዳ ነበር። እሳቸውም «ብቻሽንማ አትመለሺም!» ብለው በኋላ ማርሽ እስከ ጣቢያው በር መለሷት፤ ከዚያ እንደገና ጉዞ ጀመሩ። ዳሳሹ መሄድና መመለስን አይለይም፤ ሁሉንም ወደፊት ቆጥሮታል።

ሬዲዮኑን አፈፍ አደረገች። «ጋሼ፣ ይቁሙ! እንዳይታጠፉ!»

«ምነው ልጄ? ደርሰናል እያለች እኮ ነው።»

«አልደረሱም! እኔን የመለሱበትንም ቆጥራዋለች! በእናትዎ ይቁሙ!»

ቆሙ። መብራት ይዘው ወርደው ሲያዩ መኪናዋ መታጠፍ ጀምራ ኖሮ ከግራው ጎማ ፊት መሬት የለም።

«ተመስገን» አሉ። የውብዳር አለቀሰች። ከዚያ ትርፉን ዙር ቀንሳ፣ በሬዲዮ እየመራች ድልድዩን አሻገረቻቸው።

በማግስቱ ምድር ላይ ካለው ማዕከል መልእክት መጣ፤ ከእንግዲህ ሽኝት ክልክል ነው። ይኸው ዳሳሽ በሌሎች አገሮች ጣቢያዎች ለዓመታት ሲሠራ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም ይላል።

የውብዳር ደግማ ሰማችው። በዚያ ሁሉ ዓመት ሸኚውን ሊመልስ ወደ ኋላ የነዳ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ሰዎቹ አሳዘኗት። በሽኝቱ ልማድ ያላት ኩራት ግን ደረቷን ሞላው፤ እንዲህ ስትል መለሰች፦

«ሽኝቱ አይቀርም። ከዳሳሹ አጠገብ ሌላ ጨምሬያለሁ፤ ከሁለቱ ጥርሱን ቀድሞ የሚያየው አቅጣጫውን ይናገራል። ንድፉን ለእነዚያም ጣቢያዎች ላኩልኝ። አንድ ቀን ያስፈልጋቸው ይሆናል።»