ያልተተከለው የመንገድ ዳር ሰሌዳ

ሳጅን ሄለን ኮዋልቺክ ተሻግራ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ የሜሪክ ወንዝ ድልድዩን ዋጠው። ይከተላታል የተባለው አምቡላንስ ወዲያ ማዶ ቀረ። ወዲህ ማዶ የነበሩት የከተማው የታሪክ ማኅበር አሮጌ ቤት፣ ሦስት ሰዎችና አንድ አስከሬን ብቻ ናቸው።

ሟቹ የማኅበሩ ጸሐፊ ኤዝራ ላትሮፕ ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለው ጎተራ፣ ከመሰላል ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ማጅራቱ ተሰብሯል። አጠገቡ ክዳኑ በምስማር የተመታ ሳጥን አለ፤ በማግስቱ መንገድ ዳር ሊተከል የነበረው የብረት ሰሌዳ ጠዋት ከፋብሪካ የመጣው በዚያ ነው።

«ከመሰላል ወድቆ ነው» አሉ ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ፕሩደንስ ባስኮም። «በሰባ ዓመቱ ምን ሊያወርድ እንደወጣ እግዜር ይወቀው።»

ሄለን ጎንበስ ብላ ፊቱን አየች። «ይህ መነጽር የምንድን ነው?»

«የማንበቢያው። እሱን አድርጎ በሩን እንኳ አጥርቶ አያይም።»

ሄለን ሦስቱንም ወደ ቤቱ መልሳቸው ወጥ ቤት ውስጥ አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው። ውሃው ግቢውን ከብቦ እየተጠጋ ነበር።

«የሰሌዳውን አዲስ ጽሑፍ አልወደዱትም አሉ» አለቻቸው ወይዘሮ ባስኮምን።

«ማን ይወደዋል? አሮጌው ሰሌዳ የጥንት አያቴን ካፒቴን ባስኮምን ጀግና ይል ነበር። አዲሱ የተኛ መንደር አቃጥሎ ‹ብዙ ሰው ፈጀ› ይላል። ተቃወምኩ፣ በኮሚቴው ድምፅ ተሸነፍኩ። ለዚህ ብዬ ሰው ልግደል?»

መምህርት ሎይስ ሄመንዌይ የዚያ የተቃጠለ የአገሬው ተወላጆች መንደር ሰዎች ዘር ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እኔን ያንገበገበኝ ያ ‹ብዙ› የሚሉት ነገር ነው። ስንት እንደሞቱ ፈልግልኝ ብዬ ኤዝራን ለመንኩት። ‹እየፈለግሁ ነው፣ ሎይስዬ› እንዳለኝ ሞተ።»

ኖርማን ተትል የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአገሩን ሰሌዳ ሁሉ የተከለ። በመስኮቱ ውሃውን ያያል።

«ጽሑፉ እርስዎንም አስከፍቶዎት ነበር?»

«እኔን? መንደሩን አላቃጥልም ብሎ ችቦውን ጥሎ የተመለሰው የእኔ ዘር አይደል እንዴ! ናትናኤል ተትል። በየዓመቱ ለተማሪዎች የምነግራቸው እኔ ነኝ። ለአርባ አንድ ነፍስ አንድ ብረት ቢቆም ማን ይከፋዋል?»

ሄለን ምስማር መንቀያ ይዛ ወደ ጎተራው ወጣች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁሉንም ጠራቻቸው። አስከሬኑ ሸራ ለብሷል፤ ሳጥኑ ተከፍቷል።

«ኤዝራ ሲመታ እያነበበ ነበር» አለች። «የማንበቢያ መነጽር አድርጎ መሰላል የሚወጣ የለም። ግን አጠገቡ ወረቀት አልነበረም። የሚነበብ ነገር ቢኖር ይህ ሰሌዳ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ታሽጎ ነው ያገኘሁት። ምስማሮቹ ሁለቴ ተመትተዋል። ሙት ምስማር አይመታም። ወይዘሮ ባስኮም፣ እስቲ ያንብቡልን።»

አሮጊቷ አነበቡ፦ «‹በ1676 በካፒቴን ባስኮም የተመራ ጦር እዚህ የተኛ መንደር አቃጠለ። አርባ አንድ ሰዎች ሞቱ...›»

ሎይስ አፏን በእጇ ያዘች።

«‹...መንገዱን የመራቸው ናትናኤል ተትል ነበር።›»

«ቁጥሩንና ይህን ስም ኤዝራ ያስገባው በመጨረሻ፣ ለኮሚቴው ሳይነግር ነው» አለች ሄለን። «እርስዎ ‹ብዙ› አሉኝ፤ ሎይስም ‹ብዙ› አለችኝ። አርባ አንድ ያሉኝ አቶ ተትል ብቻ ናቸው።»

ኖርማን ወደ በሩ ዞረ። ግቢው ሐይቅ ሆኗል።

«ሰው ፊት እንዳታፍር መጀመሪያ አንተ እወቀው ብሎ ጠራኝ» አለ። «ክዳኑን የነቀልኩለት እኔው ነኝ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ። የልጅ ልጆቼ ትዝ አሉኝ... መዶሻው እጄ ላይ ነበር።»

ጀልባ እስኪመጣ ሰዓታት ይፈጃል ተባለ። አራቱም፣ ገዳዩ እጁ በካቴና እንደታሰረ፣ በዚያች ጠባብ ወጥ ቤት ፊት ለፊት ተቀመጡ። መሄጃ የለም።

«ሎይስ፣ ይተከላል?» አለ ኖርማን በመጨረሻ።

«ይተከላል።»

«እንግዲያው ጉድጓዱን ከአንድ ሜትር በላይ ቆፍሩለት» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «አለዚያ በብርዱ ወራት አፈሩ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ይነቅለዋል።»