ውርጭ የነካው ድንች

በ1965 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ከመካነ ሰላም ከፍ ብሎ ባለው ብርዳም ደጋ፣ የባልና ሚስቱ የአምባቸውና የይርገዱ ገብስ ፍሬ ሳይቋጥር ደርቆ ቀረ። የተረፈላቸው ይርገዱ ከምንጭ ውኃ እየቀዳች ያሳደገችው የጓሮ ድንች ብቻ ነበር። ጥቅምት ላይ ሲቆፈር ብዙ ወጣ። አምባቸው ቤት ውስጥ አስቆለለውና፣ "ይኼማ እስከ በልግ ያደርሰናል" አለ።

ጎረቤታቸው እትዬ ፈዲላ ቁርአን የሚያስቀሩት የሼህ ጀላል ባለቤት ነበሩ። እሳቸው ድንቻቸውን ቤት አላስገቡም። ሜዳው ላይ ጭድ አንጥፈው ዘረጉት። ሌሊቱን ውርጭ ሲመታው ያድርና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያለሰልሰው በእግራቸው እየረገጡ ውኃውን ያወጡና ያሰጡታል። ይህን ሲደጋግሙት ድንቹ ጠቁሮ፣ ቀልሎ፣ ክው ብሎ ደረቀ።

ይርገዱ አይታ ገረማት። "እትዬ ፈዲላ፣ ለምን ያበላሹታል?"

"አላበላሸሁትም እህቴ። እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር። የደረቀው ዓመት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። ነክረሽ ትቀቅይዋለሽ፤ ብትፈጪውም ገንፎ ይወጣዋል። ወላሂ፣ የተቆለለ ድንች አይከርምልሽም። ውርጩ ሳያልፍ ያንቺንም አውጪው።"

ይርገዱ ለባሏ ነገረችው። አምባቸው ተቆጣ።

"ውርጭ የበላውን ድንች! አምባቸው ለልጁ ውርጭ አበላ ልባል? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው የሚለው ለልጃችን ለአስቻለች እራት አይሆናትም።"

"በልግ ይዘንባል። ባይዘንብም መንግሥት እህል ይልካል። ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ! የቤታችንንም ጉዳይ ለጎረቤት እንዳትናገሪ።"

ይርገዱ በየማለዳው ሣሩ ላይ የነጣውን አመዳይ እያየች ወራቱን አሳለፈች።

ጥር ላይ ቤቱ መሽተት ጀመረ። ክምሩን ሲገለብጡት ከሥር ያለው ቀልጦ ውኃ ሆኗል፤ ከላይ ያለውም በቅሏል። ደህናውን ለቅመው ጥቂት ሳምንት በሉ። በልግ አልዘነበም። በሬዎቹ ተራ በተራ ወደቁ። ብቸኛ ልጃቸው አስቻለች መሮጥ ተወች፤ ቆይታም መቆም ተወች።

አምባቸው ባዶ ስልቻ ይዞ መካነ ሰላም ወረደ። እህል ይታደላል በተባለበት ግቢ በር ላይ ሰው አጥሩን ተደግፎ ተቀምጧል። አንዳንዱ ሲጠሩትም ቀና አይልም።

"እህል አልመጣም" አለ ዘበኛው።

"መቼ ይመጣል?"

"እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? እኔስ ምን አውቃለሁ?"

አምባቸው ስልቻውን እንደያዘ ተመለሰ።

በማግስቱ እትዬ ፈዲላ ከእነ ይርገዱ ጣራ ጭስ እንደማይወጣ ልብ ብለው፣ ከደረቀው ድንች የተሠራ ቀጭን አጥሚት ይዘው መጡ። ልጅቷን ሲያዩ ደነገጡ።

"ስለ አላህ! ምነው ደበቃችሁኝ?"

አምባቸው ሳህኑን ተቀብሎ ልጁን ደገፋትና ጠብታ አቀመሳት። አስቻለች አፏን ከፈተች። አጥሚቱ ግን በከንፈሯ ጥግ ተመልሶ ወረደ።

"ዋጪ የኔ እናት፣ እባክሽ ዋጪ።"

ፈለገች፤ አልቻለችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

ከቀብር በኋላ አምባቸው፣ "እትዬ ፈዲላ፣ ያኔ ጥቅምት ላይ..." ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው።

"ተው፣ አያ አምባቸው" አሉት። "የእኔም ለመንደሩ አልበቃም። ዛሬ ጠዋት የድንቹን ማድጋ ጠርጌዋለሁ።"

ከዚያ በኋላ ንጉሡ ወረዱ፤ መሬት ላራሹ ታወጀ። የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሁሉም ስለ መሬቱ ሲያወራ አምባቸው ተነሣ።

"ወገኖቼ፣ መሬት ማግኘታችን ደግ ነው። ዝናቡን ግን ማዘዝ አልችልም፤ እህሉንም ማስላክ አልቻልሁም። በእጄ የነበረው አንድ ክምር ድንች ነው። እሱን ሰው ምን ይለኛል ብዬ አበሰበስሁት፤ ችግሬንም ከጎረቤት ደበቅሁ። እናንተ በእኔ ተማሩ። ድንቻችሁን ሳይበሰብስ ለውርጩ አውጡት። የቸገረውም አይደብቅ። እትዬ ፈዲላ ያሳዩዋችኋል።"

ጥቅምት ሲመጣ የመንደሩ ሰው ድንቹን ሜዳው ላይ ዘረጋ። አምባቸውም ሱሪውን ሰብስቦ ይረግጥ ጀመር። ይርገዱ ከጎኑ ትረግጣለች። አንድም ቀን ወቅሳው አታውቅም። ያን ዕለት ግን ቆም ብላ፣

"ለማን ነው የምናስቀምጠው?" አለችው።

አምባቸው መርገጡን ቀጠለ።